የጊፋታው የመጀመሪያ ሙዳ

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመጣ ቁጥር የባሌ ዘመዶች አንድ ቀልድ ነበራቸው። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግቶ፣ የቃሪያ ማባያው ዳጣ በየጣባው ቀርቦ ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ሲጠብቅ፣ ከአጎቶቹ አንዱ ወደ ባሌ እናት ዞር ይሉና «ኧረ እሷን አንድ ሰው ይጠብቃት» ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አማቴም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ፈገግ ይላሉ። ከዚያ የቤቱ ታላቅ የሆኑት የባሌ አባት የመጀመሪያዋን ሙዳ ይቆርጡና ዳጣ አስነክተው ይቀምሳሉ። እሳቸው ሳይቀምሱ ማንም አይቀምስም። ለአማቴ የሚደርሳቸው ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነበር።

ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ዓመት ቀልዱ አልገባኝምና በማግስቱ ባሌን ጠየቅኩት።

«የእኔ መወለድ ታሪክ ነው» አለኝ እየሳቀ። እናቱ እሱን ሲወልዱ ምጡ ጠንቶባቸው ሊሞቱ ነበር። ያን ጊዜ የቤቱ ታላቅ አያቱ ነበሩ። ቤተሰቡን ሰበሰቡና ጎሜ ያለበት ሁሉ ይናገር አሉ። ጎሜ ማለት ክልክል የሆነውን ነገር መጣስ ነው፤ መጣሱ የሚያመጣው መዘዝም ጎሜ ይባላል። ሰው ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ ምጥ ሲጠና ጎሜው ይፈለጋል፤ የደበቀው ሰው ካልተናገረ መዘዙ አይለቅም። ሁሉም ያለበትን ተናገረ፤ ልጁ ግን አልወጣም። በመጨረሻ እናቱ ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ባለፈው ጊፋታ ታላቁ ሳይቀምሱ ከሥጋው ሰርቀው መቅመሳቸውን ተናዘዙ። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ልጁ ተወለደ።

«ያ ልጅ እኔ ነኝ» ብሎ ደረቱን መታ መታ አደረገ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ያደግኩት ሶዶ ከተማ ነው። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋ ነበር፤ በጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ ብዙ ነው፤ ለአፌ ግን ከበቂ በላይ ሆኖ ነበር። እናቴ ገና ለጋብቻ ስጠየቅ «ልጅቷን እሰጣለሁ፣ ምላሷን ግን እነሱ ይቻሉት» ብላ ሰውን አስቃለች። ያገባኝ ወንጌል አስተማሪ ነው። ከገሱባ ወዲያ፣ በአባቱ አገር፣ የሣር ክዳን ያላት ትንሽ ጸሎት ቤት ነበረችው። ከአማርኛው መጽሐፍ ያነብና በወላይትኛ ይሰብካል። ድምፁ ደስ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ያገባሁት ለድምፁ ነው።

ከሁሉ የሚወደው ትምህርት ጭንቀትን ለጌታ መስጠት ነበር። ሰው በሽታውን፣ የልጁን ነገር፣ የዝናቡን መጥፋት ይዞ ሲመጣ አብሮት ተንበርክኮ ይጸልይና ሲነሡ «አሁን ሰጥተኸዋል። ተመልሰህ እንዳትወስደው» ይለዋል። ሰዎቹ ቀለል ብሏቸው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም አምንበት ነበር፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ግን ያን ጊዜ የማምነው ምንም ሳይደርስብኝ ነበር።

የባሌን አባት አባባ እላቸው ነበር። የማንም ቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበሩም። የልጃቸውን ስብከት አልተቃወሙም፤ ግን እንደ ልጅ ጨዋታ ነው ያዩት። አማቴ ደግሞ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤቱ በር ላይ ይቀመጡና መዝሙሩ አልቆ ስብከቱ ሲጀመር ተነሥተው ይሄዳሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «መዝሙሩ ደስ ይለኛል። ወሬው ይበዛል» አሉኝ። ለዚህች መልስ ብቻ ወደድኳቸው።

ወሬ አብዝተው አያውቁም። እንሰት ሲፍቁም፣ ሲጋግሩም፣ ልጃቸው መንገድ ሲወጣም ዝም ብለው ነው። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ ባሌ ትንሽ እንኳ ካመመው ዓይናቸውን ከላዩ አያነሡም። ጉንፋን ይዞት ሲያስል እህል አይቀምሱም። እኔ የእናት ነገር ነው እያልኩ አልፈው ነበር።

የመውለጃዬ ወር ገብቶ ሆዴ ሲገፋ አባቴ ከሶዶ ላከ። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ መጥታ እኛ ዘንድ ትውለድ አለ። ባሌ «የመጀመሪያ ልጄ በአባቴ ቤት ይወለድ» አለ፤ እኔም እሺ አልኩ። በዚያው እሑድ በጉባኤ ፊት ቆሞ «የባለቤቴ ወር ገብቷል። እኛ ግን ጭንቀታችንን ለጌታ ሰጥተናል» ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ አሜን አለ። ከሁሉ ከፍ ብሎ የተሰማው የእኔ አሜን ነበር።

ምጥ የጀመረኝ ነሐሴ ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዝናቡ አያባራም። አዋላጇ መጣች፤ ብዙ ያዋለደች፣ እጇ የለመደ ሴት ነበረች። ዓርብ ውሎ መሸ። ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ዘንድ ተነሥታ ወደ ወንዶቹ ወጣችና «ልጁ ቆሟል። ከዚህ ወዲያ የእኔ እጅ አይደርስበትም። ወደ ሶዶ ውሰዷት፤ ዛሬውኑ» አለች።

የተኛሁት ከጓዳ ነው። ከሰዎቹ የሚለየኝ የቀርከሃ ግርዶሽ ብቻ ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ። አዋላጇ ይህን ስትል ደስ አለኝ። ቃሬዛ የሚሠራው አሁን ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቀርከሃ ሲቆረጥ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ። የሰማሁት ግን የአባባን ድምፅ ነው።

«ጎሜዋ ሳይፈታ ወንዝ አትሻገርም» አሉ። «ተሸካሚዎቹንም ይነካል። ዘመዶቹን ጥሩ።»

ከዚያ ቤት ወደ ሶዶ ለመሄድ ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ወንዙ ሞልቷል፤ ቆይቶ ከጨመረ ጨርሶ አያሻግርም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ባሌ አንድ ነገር ሊናገር ጀመረ። አባባ አላስጨረሱትም። «አንተ ራስህ በምን እንደተወለድክ ረሳኸው? እናትህ አፏን ስትከፍት አይደል?» አሉት። ስለ ራሱ መወለድ ሲነግሩት ምን ብሎ ይከራከር?

ዘመዶቹ ተሰበሰቡ። በተራ በተራ፣ እንደ ወጉ እርጥብ ሣር እየያዙ ተናገሩ። የባሌ ወንድም ሚስት ለገበያ በምትወስደው ወተት ውኃ ጨምራ ታውቃለች። አንዱ አጎት የወንድማቸውን ድንበር አንድ ክንድ ገፍተዋል። ወንድምየው እዚያው ነበሩና «አንድ ክንድ? አንድ ክንድ ነው የምትለው?» ብለው ተነሡ። ሌሎቹ ያዟቸው። እኔ ከግርዶሹ በዚህ በኩል የልብሴን ጫፍ ነክሼ ስለ ድንበር ክርክር እሰማለሁ። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ ምጡ መጣና ጩኸት ሆነ። አማቴ ከራስጌዬ ተቀምጠው ወገቤን ይጫኑልኛል። አንድም ቃል አልተናገሩም።

ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ አባባ «የቀረችው የምታምጠው ራሷ ናት» አሉ።

ያን ጊዜ ከውጭ መዝሙር ሰማሁ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች በዝናብ መጥተው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። እፎይ አልኩ። የእኔ ሰዎች መጡ፣ አሁን ይህ የጎሜ ነገር ያበቃል ብዬ አሰብኩ። ከፊታቸው ያሉት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበሩ፤ እርጉዝ መሆኔን ከሰሙ ጀምሮ ስኳር ድንች እየቆፈሩ የሚያመጡልኝ ደግ ሰው ናቸው። ወደ ግርዶሹ ተጠግተው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እኛ በጎሜ አናምንም» አሉኝ። «የተሰወረ ኃጢአት ግን የጸሎትን በር ይዘጋል። ካለሽ አውጪው። ጌታ መሐሪ ነው።»

እኔ በኃጢአት መናዘዝ አምናለሁ። ግን ያ የአባባ ጎሜ ልብሱን ቀይሮ በጓሮ በር ሲገባ አየሁት። በፊት በር ያሉትም በጓሮ በር ያሉትም የሚጠብቁት የእኔን አፍ ነው። ልጄ ግን ውስጤ ቆሟል። ወንዙም እየሞላ ነው።

ከሽማግሌው ቀጥሎ ባሌ ግርዶሹን ገልጦ ገባ። ከአጠገቤ ተንበረከከ። ዝናብ አርሶታል፤ ፊቱ ባንድ ሌሊት አርጅቷል። እጄን ያዘና በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ «ካለ ንገሪኝ። ይቅር እልሻለሁ» አለኝ።

ከሐሙስ ጀምሮ ካመመኝ ሁሉ ይህ በለጠ። ምጥ ይረሳል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ረስቼዋለሁ። ይቺን ቃል ግን አልረሳሁም።

«ጭንቀታችንን ለጌታ ሰጥተናል አላልክም?» አልኩት።

«ሰጥተናል።»

«እንግዲያው እኔ ዘንድ ምን ፍለጋ መጣህ? ሂድና ቃሬዛ ሥራ።»

«አባቴ አይፈቅድም። ጉባኤውስ... በሁሉ ፊት ሰጥተናል ብዬ ተናግሬ፣ አሁን ተሸክሜሽ ብሮጥ አላመነም አይሉም?»

«ጭንቀትህን በጌታ ላይ ጣልክ» አልኩት። «እኔን እዚህ ጣልከኝ።»

አለቀሰ። ላዝንለት አልቻልኩም፤ ለራሴም የሚተርፍ አልነበረኝም። ተነሥቶ ወጣ።

ብቻዬን ከአማቴ ጋር ስቀር በእውነት ፈለግኩ። ምናልባት የረሳሁት ይኖር ይሆን ብዬ ልቤን በረበርኩት። ኃጢአት ሞልቶኛል። ሰው በአፌ አቁስያለሁ፤ የባሌን ወንድም ሚስት በልቤ ንቄያለሁ፤ ስብከት ሲረዝም ተኝቻለሁ። ልጅ የሚያግት ግን አላገኘሁም። ልጸልይ ስሞክር ቃል አይመጣልኝም። ጌታን እንደ እነሱ ከግርዶሹ ማዶ ቁጭ ብሎ አፌን የሚጠብቅ አስመሰሉብኝ፤ ወደ እሱ መቅረብ ፈራሁ።

ከዚያ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። ካልተናገርኩ አይሸከሙኝም። እውነት ከሌለኝ ውሸት ልናገር። ትንሽ ነገር ብናገር ሌላም አለ ይላሉ፤ ስለዚህ ትልቅ መሆን አለበት። ለሚስት ትልቁ ደግሞ የታወቀ ነው። በምጥ መካከል ተኝቼ የሰፈሩን ወንዶች ፊት አንድ በአንድ አሰብኩ፤ ማንን ልበል እያልኩ። ከገበያ ሲመለሱ ሰላም ያሉኝን ሁሉ አሰብኩ። ከእነሱ አንዱ ያለ ሥራው እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም እንደምጠፋ አውቃለሁ። ግን የሚቀጥለው ምጥ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀለለኝ። በሕይወት ብቻ ልውጣ አልኩ።

«እሺ!» ብዬ ጮህኩ። «እናገራለሁ።»

ከማዶ ያለው ወሬ ቀጥ አለ። ደጃፍ ላይ የነበረው መዝሙር እንኳ ቆመ። አፌን ከፈትኩ። አማቴ መዳፋቸውን በአፌ ላይ አደረጉት። እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ውሸት ልትናገሪ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም። በዓይኔ ብቻ አዎ አልኳቸው። እጃቸውን ከአፌ አነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ግርዶሹን ገልጠው ወደ ወንዶቹ ወጡ።

«እኔ ጎሜ አለብኝ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ተናገሪ» አሉ አባባ።

«ያን ጊዜ ሥጋውን አልቀመስኩም።»



«የቱን ሥጋ?»

«የጊፋታውን። የምትስቁብኝን። አልቀመስኩም፤ በጣቴም አልነካሁ። ምጡ ጠንቶብኝ ተናገሪ ተናገሪ ስትሉኝ፣ እንድትተዉኝ ብዬ የመጣልኝን ተናገርኩ። ልጁ የወጣው ሰዓቱ ደርሶ ነው። እናንተ ግን በእኔ ቃል ነው አላችሁ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?» የአባባ ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት። ስትስቁብኝ አብሬ ሳቅኩ።» ከዚያ ልጃቸውን ተናገሩት፤ ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው የተሰበረው። «አንተ የተወለድከው በውሸት ነው። ውሸቱ አንድ ቀን ዋጋውን ካንተ ይፈልጋል እያልኩ ስፈራ አረጀሁ። ባሳልክ ቁጥር፣ መንገድ በወጣህ ቁጥር መጣ እላለሁ። ይቺ ልጅ ደግሞ አሁን ልክ እንደኔ ልትሆን ነው። ተነሥና ሚስትህን አንሣ።»

አባባ ሂዱም አላሉ፣ ተዉም አላሉ። ያ ቤት በየዓመቱ ሲያወራው የኖረው ማስረጃ በአንድ ጊዜ ከእጃቸው ወጥቷል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደተቀመጡ በኋላ ነገሩኝ። እኔ የሰማሁት ከጓሮ የቀርከሃ መቆረጥ ድምፅ ነው። የሚቆርጠው ባሌ ነበር።

ቃሬዛው ላይ ሆኜ የማየው ሰማይና የተሸካሚዎቹን ጀርባ ብቻ ነው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ በዚያ ዕድሜያቸው አንዱን ጫፍ በትከሻቸው ይዘዋል። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በተንሸራተቱ ቁጥር እጮሃለሁ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆሙ። ውኃው ደፍርሶ ይጮሃል። ድንበር የገፉት አጎት ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩና «አሁን እኮ ጎሜው ሁለት ሆነ። የእሷ አልተፈታ፣ የአማቷ ውሸት ተጨመረበት» አሉ። ማንም እግሩን አላነሣም። ባሌ እንሂድ እያለ ይለምናቸዋል።

አማቴ ወደ ቃሬዛው ተጠጉ። ከላዬ ሆነው አዩኝ።

«ያንቺ ጌታ ይሰማል?» አሉኝ።

«ይሰማል» አልኳቸው። ቆርጬ ነው የተናገርኩት፤ በዚያ ሰዓት ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

«እንግዲያው ንገሪው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከልጄም፣ ከልጄ ልጅም አይፈልገው።»

ከዚያ ልብሳቸውን ሰብስበው፣ በትር ይዘው ከሁሉም ቀድመው ወደ ውኃው ገቡ። እስከ ወገባቸው ደረሰ። አልዞሩም። ባሌ ተከተለ፤ ባሌ ሲገባ ተሸካሚዎቹም ገቡ።

ለጌታ ነገርኩት። ከሐሙስ ጀምሮ ቃል ያጣሁት እኔ፣ ለእሳቸው ሲሆን ቃል መጣልኝ። ጌታ ሆይ፣ እኚህ ሴት የተሸከሙትን ውሰድላቸው አልኩ። የእሳቸውን ስሰጥ የራሴም አብሮ ከእጄ ወጣ። የምናዘዘው የለኝም፣ ራሴን የማድንበትም የለኝም፤ ብሞትም ባንተ እጅ ነኝ አልኩት። ምጡ አልቀለለኝም። ውኃው ጀርባዬን ሲነካው እንደ በፊቱ ጮህኩ። ፍርሃቱ ግን ሄዶ ነበር።

ሶዶ የደረስነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሐኪሙ ልጄን በመሣሪያ ጎትተው አወጧት፤ ሴት ናት። ራሷ ላይ የመሣሪያው ሰንበር ነበረባት፣ ግን ከእኔ የባሰ ጩኸት ጮኸች። የሐኪሙ ረዳት የሆነው ድሬሰር ለባሌ ሲያስረዳው ሰማሁ።

«ፊቷን ወደ ላይ አዙራ ነው የመጣችው። ለዚህ ነው የቆመችው።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?» አለ ባሌ።

«ምን ሌላ?» አለ ድሬሰሩ፤ ወደ ሥራው ሄደ።

ከሆስፒታል ስወጣ ወላጆቼ ዘንድ ሰነበትኩ። ባሌ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ልጅቷን ያቅፋል፤ እኔን በቀጥታ ማየት ይፈራል። አንድ ቀን «ያን ቃል ይቅር በይኝ» አለኝ። የቱን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ጊዜ ይወስዳል» አልኩት።

«ምን ያህል?»

«እሱን ለጌታ ስጠው። ተመልሰህ እንዳትወስደው።»

ሳይወድ ሳቀ። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ከዚያ በኋላ በኖርንበት ዘመን ሁሉ የታመመ ሰው ዘንድ ስንጠራና ከመካከላችን አንዱ የተሰወረ ኃጢአት መፈለግ ሲጀምር፣ ባሌ ዝም ብሎ ይወጣና ቃሬዛ የሚሸከሙ ወንዶች ይፈልጋል።

ለጊፋታ ወደ ገሱባ ተመለስን። ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር የጠበቀኝ። አባባ ከዚያን ቀን ወዲህ አማቴን አላነጋገሯቸውም። ዘመዶቹ ደግሞ ውሸቱ ገና ዋጋውን ይጠይቃል ይላሉ። ልጄ ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ባሳለች ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ አማቴ ይዞራል። እሳቸውም ያኔ ለባሌ ያደርጉት እንደነበረው እህል መቅመስ ትተዋል።

እንሰቱ መካከል ቅጠል ሲቆርጡ አገኘኋቸው።

«ወንዙ ላይ የነገርሽው ነገር መልስ አለው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«መልስ አልሰማሁም። ተቀብሎታል ግን።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

የማውቀው የባሌን ትምህርት ብቻ ነው፤ እሱኑ በእኔ አፍ ነገርኳቸው። «እማማ፣ እኛ መቀበሉን የምናውቀው ተመልሰን ካልወሰድነው ነው። እርስዎ ሰጡት፤ ልጅቷ ስታስል ደግሞ ይወስዱታል።»

ቅጠሉን መቁረጣቸውን ቀጠሉ።

በበዓሉ ቀን ሥጋው ተዘረጋ፣ ዳጣው ቀረበ። እጁን ያልሰበሰበ አልነበረም። ያን ቀልድ የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አባባ ቢላዋውን አነሡ። ያን ጊዜ አማቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። በእኔ አጠገብ ሲያልፉ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አልወስደውም» አሉ።

ከአባባ ፊት ቆመው ቢላዋውን ከእጃቸው ተቀበሉ። ከፍሪምባው አንዲት ሙዳ ቆረጡ፣ ዳጣ አስነኩ፣ ጎረሱ። ጥርሳቸው ደካማ ስለሆነ ማኘኩ ጊዜ ወሰደ። ማንም አልተነቃነቀም። በመካከሉ ልጄ ጭኔ ላይ ሆና አሳለች። አንዲት አክስት ደረታቸውን ያዙ። አማቴ ወደ ልጅቷ አልዞሩም፤ አላምጠው ዋጡ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ያላደረግኩትን ዛሬ አደረግኩት» አሉ። «የሚመጣ ካለ እዚሁ ነኝ።»

ቢላዋውን ለአባባ መለሱላቸው። አባባ ቢላዋውን እንደያዙ ሚስታቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ተመልሰው ሚስታቸውን አዩ።

«እንዴት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ጨው አንሶታል» አሉ አማቴ።

አባባም ጨው አስመጡና ሁለተኛዋን ሙዳ ለራሳቸው ቆረጡ።